ዜና ከማመናችሁና ሼር ከማድረጋችሁ በፊት፦ የማጣሪያ መንገድ ደረጃ በደረጃ

አንድ ምሽት ቪዲዮ ደረሰኝ። ሰው የጫነች ጀልባ ስትገለበጥ ያሳያል። ከላዩ «ሰበር! አሁን የደረሰን!» የሚል ጽሑፍ አለው። ደነገጥኩ። ሁለቴ ሳላስብ አርባ ሰው ወዳለበት ግሩፕ ላክኩት። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ጓደኛዬ ደወለች። ወንድሟ ጀልባ ላይ ነው የሚሠራው። «የት ነው? መቼ ነው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሁለቱንም አልጠየቅኩም ነበር። የወንድሟ ስልክ ሌሊቱን ሙሉ ዝግ ነበር፤ እሷም ስትደውል አደረች። ጠዋት ተነስቼ ስፈልግ ቪዲዮው ከብዙ ዓመት በፊት፣ ያውም በሌላ አገር የተቀረጸ ሆኖ አገኘሁት። ወንድሟ ደህና ነበር፤ ሥራ ላይ አድሮ ስልኩ ባትሪ ጨርሶበት ነው።

ከዚያ ወዲህ ዜና የማነብበትን መንገድ ቀየርኩ። እዚህ የምጽፍላችሁ ያንን መንገድ ነው። ለእያንዳንዱ ዜና ሁሉንም ደረጃ ማለፍ አይጠበቅባችሁም። ላናደዳችሁ፣ ላስደነገጣችሁ፣ ወይም «ይሄንንማ ለእከሌ ልላከው» ላሰኛችሁ ዜና ግን ሁሉንም ደረጃ ተጠቀሙ። ሲለመድ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚወስደው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንለይ። ማጋነንና ወገንተኝነት አንድ አይደሉም። ማጋነን ትንሹን ትልቅ ማድረግ ነው። ወገንተኝነት ግን አንዲት የውሸት ቃል ሳይኖርበት ሊሠራ ይችላል፤ የትኛው እውነት ፊት እንደሚወጣ፣ የትኛው ከታች እንደሚቀበር፣ የትኛው ጭራሽ እንደማይነገር በመምረጥ ብቻ። ስለዚህ «ዜናው እውነት ነው ወይስ ውሸት?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ የተሰማችሁን ስሜት ለዩት

ጣታችሁ ሼር ወደሚለው ሲሄድ ያዙት። ከዚያ ራሳችሁን ጠይቁ፦ አሁን ምን ተሰማኝ? ተናደድኩ? ፈራሁ? «ይኸው፣ ብዬ ነበር እኮ!» አልኩ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ግን ከሁሉም የሚቀድመው እሱ ነው። የተጋነነ ዜና የሚይዘን በስሜታችን በኩል ነው። ስሜት በሞቀበት ሰዓት ደግሞ የተማረም ያልተማረም አያጣራም።

ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2017 ትዊተር ላይ የተሰራጩ 126,000 ያህል ወሬዎችን መርምረው ውጤቱን በ2018 አወጡ። ሐሰተኛው ወሬ ሼር የመደረግ ዕድሉ ከእውነተኛው በ70 በመቶ ይበልጥ ነበር። እውነተኛው 1,500 ሰው ጋ ለመድረስ ከሐሰተኛው ስድስት እጥፍ ያህል ጊዜ ፈጅቶበታል። ይህን የሚያደርጉት በኮምፒውተር የሚንቀሳቀሱ የውሸት አካውንቶች ናቸው እንዳንል፣ እነሱን አውጥተው ሲቆጥሩም ውጤቱ ያው ሆነ። አሰራጮቹ እኛው ነን። ሐሰቱ አዲስ ነገር ይመስላል፤ ያስገርማል። ያስገረመንን ነገር ደግሞ ለብቻችን መያዝ አንችልም።

«ሰበር» የሚል ዜና ሲመጣ ትንሽ ጠብቁ። የታወቀ ተቋም ስም ቢኖርበትም ጠብቁ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 23 ቀን 2013 የአሜሪካው የዜና ወኪል አሶሺየትድ ፕሬስ የትዊተር ገጽ ላይ ዋይት ሐውስ ውስጥ ሁለት ፍንዳታ እንደደረሰና ፕሬዚዳንት ኦባማ እንደቆሰሉ ተጻፈ። ገጹ ተጠልፎ ነበር። ምንም የፈነዳ ነገር የለም። ግን በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ መለኪያ የሆነው ዳው ጆንስ ከ140 ነጥብ በላይ ወርዶ ተመለሰ። ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የታገሰ ሰው ምንም አልጎደለበትም።

ደረጃ 2፦ ርዕሱን ሸፍናችሁ ዜናውን አንብቡ

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በብዙ የዜና ክፍሎች ዜናውን የጻፈው ሰውና ርዕሱን ያወጣው ሰው አንድ አይደሉም። ዘጋቢው «ሊሆን ይችላል» ብሎ በጥንቃቄ የጻፈውን ርዕስ አውጪው «ሆነ» ሊያደርገው ይችላል። የሱ ሥራ እናንተን ማስከፈት ነውና።

ስለዚህ ሊንኩን ክፈቱ። ርዕሱን ዝለሉት። ዜናውን እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ በተለይ የመጨረሻዎቹን ሁለትና ሦስት አንቀጾች። ዘጋቢው «ይሁን እንጂ» ብሎ ዋናውን ነገር የሚያስቀምጠው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው፣ አብዛኛው አንባቢ ከሄደ በኋላ። ከዚያ ባነበባችሁት መሠረት የራሳችሁን ርዕስ በአንድ መስመር አውጡና ከነሱ ርዕስ ጋር አስተያዩት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የማጋነኑ ልክ ነው። እኔ ይህን በማድረግ ብቻ ሼር ላደርጋቸው የነበሩ ብዙ ዜናዎችን ትቻለሁ።

በጥያቄ ምልክት የሚያልቅ ርዕስ ስታዩ ደግሞ ንቁ። «እገሌ ገንዘቡን ዘርፎ ይሆን?» የሚለው አርዕስት ማስረጃ ቢኖረው ኖሮ «ዘረፈ» ይል ነበር። ኢያን ቤተሪጅ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዲህ ያለ ርዕስ ሁሉ «አይደለም» በሚል ቃል ሊመለስ ይችላል ብሎ ጽፎ ነበር። ሁልጊዜ ባይሠራም ብዙ ጊዜ ይሠራል።

እዚሁ ላይ የያዛችሁት ጽሑፍ ዜና ነው፣ አስተያየት ነው ወይስ ማስታወቂያ የሚለውንም እዩ። አስተያየት ወገን ቢይዝ ነውር የለውም፤ ሥራው ነው። ነውሩ አስተያየት ሆኖ የዜና ልብስ ሲለብስ ነው።

ደረጃ 3፦ ቃላቱን አንድ በአንድ ፍቱ

ረጅሙ ደረጃ ይህ ነው። እኔም በጣም የምወደው እሱን ነው፣ ምክንያቱም ምንም መሣሪያ አይፈልግም፤ ቋንቋውን ማወቅ ይበቃል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ ከተማ የአውቶቡስ ሹፌሮች ሥራ አቆሙ እንበል። ሦስት ገጾች እንዲህ ብለው ዘገቡት፦

«ሹፌሮች ከተማዋን ሽባ አደረጓት»
«ሦስት ወር ደመወዝ ያልተከፈላቸው ሹፌሮች ሥራ አቆሙ»
«የአውቶቡስ አገልግሎት ተቋረጠ»

ሦስቱም ውሸት አይደሉም። ግን አስተውሉ። በመጀመሪያው ከተማዋ ተጎጂ ናት፣ ሹፌሩ ጎጂ። በሁለተኛው ተጎጂው ሹፌሩ ነው፤ ምክንያቱ ከድርጊቱ በፊት መጥቷል። በሦስተኛው ደግሞ ሰው የሚባል ነገር የለም፤ አገልግሎቱ ልክ ዝናብ እንደሚያባራ ራሱ በራሱ ተቋርጧል፤ ከፋይ የለም፣ ተከፋይ የለም። አንባቢው ገና ርዕሱ ላይ ሳለ ወገኑን መርጧል።

ወደ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ የመጀመሪያው ገጽ ያነጋገረው የታመመ ልጅ ታቅፋ ፌርማታ ላይ የቆመች እናት ነው። ሁለተኛው የቤት ኪራይ መክፈል ያቃተውን ሹፌር። ሁለቱም እውነተኛ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ያሳዝናሉ። ወገንተኝነቱ ያለው ካልተጠየቀው ሰው ላይ ነው። ስለዚህ ስታነቡ ሁልጊዜ «እዚህ ውስጥ ድምፁ ያልተሰማው ማነው?» በሉ።

ቀጥሎ ግሦቹን እዩ። «ተናገረ» ያለ ዘጋቢ ምንም አልጨመረም። «አመነ» ካለ ግን ሰውየው የደበቀው ጥፋት ያለ ያስመስላል። «አስተባበለ» ሲል ደግሞ ነገሩ እንደተፈጸመ ጠርጥረን እንድናነበው ያደርገናል። «አጋለጠ» ተናጋሪውን ጀግና፣ የተነገረበትን ወንጀለኛ ያደርጋል። «አሳሰበ» ሥልጣን ይሰጣል፤ «ቀባጠረ» ክብር ይገፍፋል። አንድ ሰው የተናገራት አንዲት ዓረፍተ ነገር በእነዚህ ቃላት መካከል ስትመላለስ ሌላ ነገር ትሆናለች።

በአማርኛ በተለይ ልብ የምለው አንድ ነገር አለ። ግሡን በመለወጥ ብቻ አድራጊውን ከዓረፍተ ነገሩ ማስወጣት ይቻላል። ደረጃውን እዩት፦ «ገደሉት»፣ «ተገደለ»፣ «ሞተ»፣ «ሕይወቱ አለፈ»። በመጀመሪያው ገዳይ አለ። በሁለተኛው ገዳይ እንዳለ እናውቃለን፤ ማንነቱ ግን አልተነገረም። በሦስተኛው ገዳይ ይኑር አይኑር አናውቅም። በአራተኛው ጥያቄው ራሱ ጠፋ። አንድ ሚዲያ የአንዱን ወገን ሟች «በግፍ ተገደሉ» ብሎ የሌላውን «ሕይወታቸው አልፏል» ካለ፣ የቆመበትን ቦታ ነግሯችኋል። እርግጥ ዘጋቢው ገዳዩን በትክክል የማያውቅበት ጊዜ አለ። ቅን ዘጋቢ ከሆነ ግን «ማን እንደተኮሰ አልታወቀም» ብሎ ይጽፈዋል።

ስያሜዎችም አሉ። ያው ታጣቂ በአንዱ «ነፃ አውጪ»፣ በሌላው «ሽፍታ»፣ በሦስተኛው «አሸባሪ» ነው። «ራሱን ምሁር ብሎ የሚጠራው» እና «ነኝ ባዩ» የሚሉ ሐረጎች ሰውየው አንድ ቃል ሳይናገር ያስፈርዱበታል። «እንደሚታወቀው» ደግሞ ማስረጃ ላጣ ሰው መሸሸጊያ ነው። በማን ዘንድ ነው የሚታወቀው?

አንድ ልምምድ ልስጣችሁ። አንድ አንቀጽ ወስዳችሁ ማጋነኛ ቃላቱን ሁሉ ሰርዙ። ለምሳሌ «እጅግ አስደንጋጭ በሆነ ሁኔታ ዛሬ ማለዳ በተቀሰቀሰው አሰቃቂ ግጭት ከተማዋ በፍርሃት ተውጣለች» ከሚለው «አስደንጋጭ»፣ «አሰቃቂ»፣ «ተውጣለች» ሲወጡ የሚቀረው «ዛሬ ማለዳ ግጭት ነበር» ነው። ስንት ሰው ተጎዳ? የት ሰፈር? ማንና ማን? የለም። ስሜቱ በወጣ ጊዜ ባዶ የሚሆን ዜና መጀመሪያውኑ መረጃ አልነበረውም።

ቃል ይህን ያህል ያደርጋል ወይ ብላችሁ ካሰባችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን ያወጡትን ጥናት ልንገራችሁ። 600 ሰው ሊገድል የሚችል በሽታ መጥቷል፤ የቱን መፍትሔ ትመርጣላችሁ ብለው የጥናቱን ተሳታፊዎች ጠየቁ። አንዱ መፍትሔ «200 ሰው በእርግጠኝነት ያድናል» ተብሎ ሲቀርብ 72 በመቶው መረጠው። ያው መፍትሔ «400 ሰው ይሞታል» ተብሎ ለሌሎች ሲቀርብ የመረጠው 22 በመቶ ብቻ ነበር። ከ600 ሰው 200 ዳነ ማለት 400 ሞተ ማለት ነው። ቁጥሩ አልተለወጠም፤ ቃሉ ብቻ ነው የተለወጠው።

ደረጃ 4፦ «ማን ነው ያለው?» በሉ

«ተብሏል»፣ «እየተነገረ ነው»፣ «ለማወቅ ተችሏል»፣ «ምንጮቻችን ገለጹ»። እነዚህን ባያችሁ ቁጥር ከሥራቸው ሰው ፈልጉ። ስሙ የተጠቀሰ፣ ቦታው ላይ የነበረ ሰው አለ? ሰነድ አለ? ወይስ ሁሉም ነገር በ«ተብሏል» ላይ ነው የቆመው? ስሙ ያልተገለጸ ምንጭ ሁሉ ውሸት ነው አልልም። ሕይወቱ አደጋ ላይ የሚወድቅበት ሰው ስሙ ሊደበቅለት ይገባል። ግን ጥሩ ዘጋቢ ስሙን ሲደብቅ ለምን እንደደበቀና ሰውየው ነገሩን ከየት እንደሚያውቀው ይናገራል።

ሌላም ወጥመድ አለ። «አሥር ቦታ አይቼዋለሁ፣ እውነት ነው» እንላለን። ግን አሥሩ ከአንዱ የገለበጡ ሊሆኑ ይችላሉ። መለያው ቀላል ነው። ከዜናው አንዲት ዓረፍተ ነገር ኮፒ አድርጉና በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብታችሁ ጉግል ላይ ፈልጉ። አሥሩም ገጽ ላይ ቃል በቃል፣ አንዳንዴ ከነፊደል ግድፈቱ ከወጣ ያላችሁ ምንጭ አንድ ነው። ወደ መጀመሪያው ሂዱ፤ እሱ ምን ይዞ ነው የጻፈው?

ምንጭ ሳይያዝ የተጻፈ ዜና ምን ሊያደርስ እንደሚችል ታሪክ አስቀምጦልናል። እ.ኤ.አ. የካቲት 15 ቀን 1898 ሜይን የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ያኔ የስፔን ቅኝ ግዛት በነበረችው ኩባ፣ ሐቫና ወደብ ላይ ፈንድታ ከ260 በላይ ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱን ያወቀ አልነበረም። የዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት ጋዜጣ ኒውዮርክ ጆርናል ግን በሁለተኛው ቀን የጠላት ሥራ ነው ብሎ በትልልቅ ፊደል አወጣ፤ አድራጊውን ለጠቆመ 50,000 ዶላር እሰጣለሁም አለ። ከጆሴፍ ፑሊትዘር ጋዜጣ ጋር በሽያጭ ይሽቀዳደሙ ነበር። በሚያዝያ አሜሪካና ስፔን ጦርነት ገቡ። ለጦርነቱ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩት፤ ጋዜጦቹ ብቻቸውን አላመጡትም። ግን ሕዝቡን አጋግለውታል። እ.ኤ.አ. በ1976 አድሚራል ሃይማን ሪኮቨር ያስጠናው ምርመራ ፍንዳታው ከመርከቧ ከራሷ ውስጥ የተነሳ እንደሚመስል ገለጸ። «ቢጫ ጋዜጠኝነት» የሚለው ስያሜም የመጣው ከነዚህ ሁለት ጋዜጦች ፉክክር ነው።

ደረጃ 5፦ ቁጥር ስታዩ «ከስንት?» ብላችሁ ጠይቁ

«በእጥፍ ጨመረ» ማለት ከአንድ ሁለት መሆንም ነው፣ ከሺህ ሁለት ሺህ መሆንም ነው። መነሻው ካልተነገረ ቁጥሩ ምንም አይነግራችሁም።

ለዚህ ከማውቀው ሁሉ የሚያሳዝነኝ በብሪታንያ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1995 የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴው አንዳንድ አዳዲስ የወሊድ መከላከያ ኪኒኖች እግርና ሳንባ ላይ የሚከሰት የደም መርጋትን በእጥፍ ይጨምራሉ ብሎ አስጠነቀቀ። ሚዲያው ተቀብሎ አስተጋባው። ሴቶች ደንግጠው ኪኒኑን አቆሙ። ቁጥሩ ሲፈታ ግን ነገሩ ይህ ነበር፦ በቀድሞው ኪኒን ከ7,000 ሴቶች አንዷ፣ በአዲሱ ከ7,000 ሁለቷ። «እጥፍ» የሚለው ውሸት አልነበረም። ነገር ግን በቀጣዩ ዓመት በእንግሊዝና ዌልስ 13,000 ያህል ተጨማሪ ፅንስ ማቋረጥ እንደተፈጸመ ተገምቷል። እርግዝናና ፅንስ ማቋረጥ ደግሞ ራሳቸው ከኪኒኑ የበለጠ ለደም መርጋት ያጋልጣሉ። «ከስንት?» የሚል አንድ ጥያቄ ስንቷን ሴት ባዳነ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በፋብሪካ የተቀነባበረ ሥጋ በየቀኑ 50 ግራም መብላት የአንጀት ካንሰርን ዕድል በ18 በመቶ ይጨምራል አለ። ከትንባሆ ጋር በአንድ ምድብ ስላስቀመጠው ብዙ ርዕሶች «እንደ ሲጋራ አደገኛ» አሉት። ምድቡ ግን የሚለካው የማስረጃውን ጥንካሬ ነው፤ የአደጋውን ትልቅነት አይለካም። 18 በመቶውም ቢሆን፣ ከ100 ሰው በሕይወት ዘመናቸው 5ቱ የሚታመሙበት አገር ቢኖር 6 ያህል ይሆናሉ ማለት ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፏቸው። ፍርሃታችሁ በልኩ ይሆናል።

ደረጃ 6፦ ፎቶውንና ቪዲዮውን ለብቻ አጣሩ

የኔ ስሕተት እዚህ ላይ ስለነበር ቀስ ብዬ ላስረዳ። ፎቶ ከሆነ ሴቭ አድርጉት፤ ጉግል ሌንስ ወይም ቲንአይ ላይ ጫኑት። ከዚህ በፊት የት የት እንደወጣ ይዘረዝርላችኋል። ቲንአይ ውጤቱን ከአሮጌው ጀምሮ መደርደር ስለሚችል ፎቶው መጀመሪያ የታየበትን ጊዜ ለማወቅ ይመቻል። ቪዲዮ ከሆነ ነገሩ በግልጽ የሚታይበት ቦታ ላይ አቁሙት፣ ስክሪንሾት አንሱ፣ እሱን ፈልጉ። አንዱ ካልሠራ ከሌላ ሴኮንድ ላይ አንሱ፤ የመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች ብዙ ጊዜ የተሻለ ይሠራሉ።

ከዚያ በዓይናችሁ ፈትሹ። የሱቅ ታፔላው በምን ቋንቋ ነው? የመኪናው ሰሌዳ? ሰዎቹ የለበሱት ለዛሬው አየር ይስማማል? ጥላው የማለዳ ነው የቀትር? እኔ ያቺን የጀልባ ቪዲዮ አንዴ አቁሜ ብመለከታት ጀልባዋ ጎን ላይ የተጻፈው በማላውቀው ፊደል እንደሆነ አየው ነበር። ሁሉም ነገር እዚያው ነበር።

በጎርፍ በተጥለቀለቀ አውራ ጎዳና ላይ ሻርክ ሲዋኝ የሚያሳየውን ፎቶ ምናልባት አይታችሁታል። እ.ኤ.አ. በ2011 አይሪን የተባለው አውሎ ነፋስ ሲነሳ ወጣ። የሻርኩ ምስል ባሕር ላይ ከተነሳ ሌላ ፎቶ ተቆርጦ የተለጠፈ ነው። ተጣርቶ ተነገረ፤ ቢሆንም በ2017 ሃርቪ የተባለው ሌላ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ተመለሰ። አሮጌ ፎቶ አይሞትም፤ ቀጣዩን አደጋ ይጠብቃል።

አሁን ደግሞ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተሠራ ምስል መጥቷል። ጣትና ጥርስ እየቆጠሩ መለየት ድሮ ይሠራ ነበር፤ ከቀን ወደ ቀን ግን እየከበደ ነው። ስለዚህ ምስሉን ብቻ አትመኑ፤ ያነሳው ማነው፣ ሌላ ሰውስ ከሌላ አቅጣጫ አንስቶታል ወይ በሉ። ብዙ ሰው ባለበት አደባባይ የሆነ ነገር በአንድ ስልክ ብቻ አይቀረጽም።

ደረጃ 7፦ ከገጹ ውጡ

አንድን ገጽ ለመገምገም እዚያው ገጽ ላይ መቆየት አይጠቅምም። ስለ ራሱ የጻፈው ሁሉ ጥሩ ነው። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት 10 መረጃ አጣሪዎችን፣ 10 የታሪክ ምሁራንንና 25 ተማሪዎችን የኢንተርኔት ገጾች አስመርምረዋቸው ነበር። ምሁራኑና ተማሪዎቹ ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበቡ፤ በሎጎውና በአቀራረቡ ብዙ ጊዜ ተሸወዱ። አጣሪዎቹ ግን ወዲያው ሌላ ታብ ከፍተው ሌሎች ስለ ገጹ ምን እንደሚሉ ፈለጉ። በአነስተኛ ጊዜ የተሻለ መልስ ያገኙትም እነሱ ናቸው። እናንተም የገጹን ስም ጉግል ላይ አስገቡ፤ ባለቤቱ ማነው፣ ገንዘቡ ከየት ይመጣል፣ ከዚህ በፊት በሐሰት ተይዞ ያውቃል ወይ የሚለውን እዩ።

ከዚያ ያንኑ ዜና በማይዋደዱ ሁለት ሚዲያዎች ላይ አንብቡት። ሁለቱም የተስማሙበት ብዙውን ጊዜ የሆነው ነገር ነው። አንዱ ብቻ የጻፈው ላይ ምልክት አድርጉ፤ ማጣራት ያለባችሁ እሱን ነው። አንዱ ጭራሽ ካልዘገበውም ዝምታው ራሱ መረጃ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። «ሁለቱንም ወገን እኩል አቅርቧል» ማለት ሁልጊዜ ሚዛናዊ ነው ማለት አይደለም። አንዱ ውጭ እየዘነበ ነው፣ ሌላው ፀሐይ ነው ካሉ የጋዜጠኛው ሥራ ሁለቱንም ጠቅሶ መቀመጥ አይደለም፤ በመስኮት ማየት ነው።

ደረጃ 8፦ የወደዳችሁትን ዜና ከጠላችሁት አብልጣችሁ አጣሩ

ከባዱ ደረጃ ይህ ነው። ሚዲያ ሁሉ በኛ ላይ የተነሳ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ1985 ስታንፎርድ ውስጥ በተሠራ ጥናት፣ በ1982 የእስራኤል ጦር ቤይሩትን ይዞ ሳለ፣ ሳብራና ሻቲላ በተባሉ የፍልስጤም ስደተኞች መኖሪያዎች ስለተፈጸመው ጭፍጨፋ የቀረቡ የቴሌቪዥን ዜናዎችን ለእስራኤል ደጋፊዎችና ለዐረብ ደጋፊዎች አሳዩ። ያዩት አንድ ዓይነት ዜና ነው። የእስራኤል ደጋፊዎቹ «ዜናው በእስራኤል ላይ ያደላ ነው» አሉ። የዐረብ ደጋፊዎቹ ደግሞ «ለእስራኤል ያደላ ነው» አሉ። ሁለቱም ከልባቸው ነው።

እኔ የምጠቀምበት መንገድ ስሞቹን መቀያየር ነው። ዜናው ውስጥ የምደግፈውን ወገን ስም አውጥቼ የማልደግፈውን አስገባለሁ። ከዚያ ያው ማስረጃ፣ ያው «ምንጮች ገለጹ» ይበቃኛል ወይ እላለሁ። «ይሄማ ስም ማጥፋት ነው» ካልኩ፣ መጀመሪያም ማስረጃው በቂ አልነበረም ማለት ነው። ይህን ሳደርግ የሚሰማኝ ቅሬታ አለ፤ የምፈልገውን ዜና መተው ያማል። ግን ሼር ካደረግኳቸው ስሕተቶች ውስጥ አብዛኛዎቹ እውነት እንዲሆኑ የምመኛቸው ነበሩ።

ደረጃ 9፦ ከተሳሳታችሁ እዚያው አርሙት

የተሳሳተ ነገር ልካችሁ ከሆነ ዝም ብላችሁ አታጥፉት። ያየው ሰው እንዳመነ ይቀራል፤ ለሌላም ልኮት ይሆናል። ማረሚያውን በላካችሁበት ግሩፕ፣ ያኔ ለነበሩት ሰዎች ሁሉ ጻፉ። አጭር ይሁን። መጀመሪያ እውነቱን አስቀምጡ፣ ከዚያ ስሕተቱን ጥቀሱ፣ ማረጋገጫ ሊንኩን ጨምሩ፣ ለሌላ የላከ ሰው እንዲያሳውቅም ለምኑ። ሐሰተኛውን ቪዲዮ እንደገና አትለጥፉት፤ ማረሚያውን ትቶ ቪዲዮውን ብቻ የሚወስድ አይጠፋም።

ሰው ሲልክላችሁም በሰው ፊት አታሳፍሩት። በውስጥ መስመር «እማዬ፣ ይሄ ቪዲዮ የቆየ ነው አሉ፣ እስቲ ይሄንን እይው» ማለት ይበቃል። በአደባባይ የተዋረደ ሰው ስሕተቱን ከማመን ይልቅ ይሟገትለታል።

ያን ጠዋት እኔ ግሩፑ ላይ የጻፍኩት ይህን ነበር፦ «ትናንት ማታ የላክኩት የጀልባ ቪዲዮ የአሁን አይደለም፤ ከብዙ ዓመት በፊት በሌላ አገር የተቀረጸ ነው። ሳላጣራ ስለላክኩት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለሌላ ሰው የላካችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩልኝ።» ከዚያ ስልኩን አንስቼ ለጓደኛዬ ደወልኩላት፤ ለእሷ በጽሑፍ መናገር አልቻልኩም።